የደን ሒሳብ በባሮ ዳር፤ ከእንፋሎት መርከብ እስከ ካርቦን ሽያጭ

«ካርቦን» የሚለው ቃል ዛሬ ከራዲዮና ከስብሰባ አዳራሽ አልፎ በቡና ላይ ወሬያችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። አንዱ «ደናችንን ለፈረንጅ ሊሸጡት ነው» ይላል፤ ሌላው «ዛፍ ለተከለ ዶላር ይከፈለዋል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ተዉት እባካችሁ፣ ሁሉም ወሬ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእድራችን አባላት ነገሩን ከሥሩ እንዲረዱት፣ የጋምቤላ ደን በየዘመኑ እንዴት እንደተያዘ፣ መንግሥታት ምን ሕግና ፖሊሲ እንዳወጡ፣ በመጨረሻም ደን ወደ ካርቦን ሒሳብ እንዴት እንደተለወጠ በአጭሩ ማቅረብ ነው።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ገና ከመጀመሪያው ቢነገር አይከፋም። በዚህ ክልል ደን እንዲጠበቅ የሚያዘው ፖሊሲ በአንድ መዝገብ ይጻፋል፤ መሬት የሚሰጥበት ውል ደግሞ በሌላ መዝገብ ይጻፋል። ሁለቱ መዝገቦች እስካልተገናኙ ድረስ የሚተከለው ችግኝ የሚመነጠረውን ደን ሊተካ አይችልም።

ካርቦን ማለት ምን ማለት ነው?

ዛፍ የሚያድገው አፈር ብቻ እየበላ አይደለም። ቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ከአየር ይስብና በፀሐይ ኃይል ከውሃ ጋር አዋሕዶ ግንድ፣ ቅርንጫፍና ሥር ያደርገዋል። የደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ስለሆነም አንድ ቶን ደረቅ እንጨት ወደ 1.8 ቶን የሚጠጋ ጋዝ ከአየር ስቦ ይዟል ማለት ነው። ዛፉ ሲቃጠል ወይም ሲበሰብስ ያው ጋዝ ወደ አየር ይመለሳል።

ይህ ጋዝ ሲበዛ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ያፍነዋል። ፋብሪካ በዓለም ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 280 እጅ ያህል የነበረው ጋዝ ዛሬ ከ420 በላይ ደርሷል። ይህን በዋናነት ያመጣው የበለጸጉት አገሮች ያነደዱት የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ነው እንጂ የእኛ ጉልቻ አይደለም።

ጋዙን ከአየር የሚለቅም መሣሪያም ተሠርቷል። በአይስላንድ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው «ኦርካ» የተባለው ጣቢያ በዓመት 4 ሺህ ቶን እንዲለቅም ታስቦ የተሠራ ነበር። የዓለም ዓመታዊ ጭስ ግን የሚቆጠረው በአሥር ቢሊዮኖች ቶን ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ካርቦንን ከአየር ለመልቀም ከሚሠራው ሥራ ከሞላ ጎደል ሁሉም ደን በማልማት የሚገኝ ነው። እንግዲህ ደን ያለው ክልል በዓለም ገበያ የሚፈለግ ነገር ይዟል ማለት ነው።

መርከብና ማገዶ

የከተማችን መነሻ ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት ውል መሆኑ ይታወቃል። በውሉ መሠረት በባሮ ዳር ከ4 መቶ ሔክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን አስተዳደር የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተከራየ። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የወረደው ቡና፣ ባሮ በሚሞላበት ወራት፣ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። በዚያ ዘመን በዓባይና በገባሮቹ ከሚመላለሱት መርከቦች ብዙዎቹ እንጨት የሚበሉ ነበሩ፤ የወንዝ ዳር ዛፍ የመርከብ ነዳጅ ነበር ማለት ነው። የሚቆጠረው የቡናው ኬሻና ቀረጡ ነበር እንጂ ዛፉ አልነበረም። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡም ዘመን እየከሰመ ሄደ።

ሕግ ወጣ፣ ችግር ቀደመው

ሰፋ ያለ የደን ሕግ በአገራችን የወጣው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ደኑን የመንግሥት፣ የግልና የጥበቃ ደን ብሎ ከፈለው። በ1966 ዓ.ም. ገደማ የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገው። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የደንና የዱር አራዊት ጥበቃና ልማት አዋጅ ወጣ። በወረቀት ሲታይ ሁሉም ደህና ነበር።

ይሁንና የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሌላም አካባቢ ወደ ጋምቤላ መጥተው እንዲሰፍሩ ተደረገ። ለመንደሩና ለእርሻው ሲባል አኝዋው ሲገለገልበት የኖረ ብዙ ደን ተመነጠረ። በዚህ ላይ ሰፋሪውን መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ያመጣው ርሀብ ነው፣ ቦታውንም የመረጠው እሱ አልነበረም። ከእድራችን አባላት መካከል የዚያ ትውልድ ልጆች አሉ፤ ደኑን ያጣው ወገን ልጆችም አሉ፤ ዛሬ በአንድ ድንኳን ሥር አብረን እናለቅሳለን። ለማለት የተፈለገው፣ ደን ይጠበቅ ያለው መሥሪያ ቤትና ሕዝብ ይስፈር ያለው መሥሪያ ቤት ሒሳባቸውን አንድ ላይ አልሠሩም ነው።

በዚያው ዘመን በኢታንግ የተቋቋመው የሱዳን ስደተኞች ሰፈር በዓለም ከታወቁት ትላልቅ ሰፈሮች አንዱ ሆኖ ነበር። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ምክንያት የስደተኛው ጎርፍ እንደገና መጣ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልላችን ሕዝብ 307,096 ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት በክልሉ የተጠለለው ስደተኛ ብቻውን ከ3 መቶ ሺህ አልፏል። ይህ ሁሉ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ድስት ሲጥድ ማገዶው ከየት ይመጣል? ለስደተኛው እህል የሚያመጣው መኪና ማገዶ ይዞለት አይመጣም። የእናቶች የማገዶ መንገድ በየዓመቱ እየራቀ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

በአንድ ዘመን ሁለት መዝገብ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት፣ የማስተዳደሩን ሥራ ደግሞ ለክልሎች ሰጠ። በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲ ወጣ፤ በ1999 ዓ.ም. አዲስ የደን አዋጅ ታወጀ። በነዚያው ዓመታት ግን ዓለምን የምግብ ዋጋ ንረት ስለመታው የውጭ ባለሀብቶች ሰፊ መሬት መፈለግ ጀመሩ። ከ2001 ዓ.ም. በኋላ ከ5 ሺህ ሔክታር በላይ የሆነ የእርሻ መሬት የመስጠቱን ሥራ ክልሎች በውክልና ለፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር አስተላለፉ።

ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. በተፈረመ ውል በኢታንግና በጂካዎ በኩል 100 ሺህ ሔክታር ወሰደ፤ በደንብ ከሠራ ወደ 300 ሺህ ከፍ ሊልለት ይችል ነበር። ኪራዩ በዓመት ለአንድ ሔክታር 20 ብር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ባሮ ሞልቶ የኩባንያውን በቆሎ አጠፋው። መሬቱ በየክረምቱ ውሃ የሚተኛበት መሆኑን የአገሩ ሰው ያውቅ ነበር፤ ኩባንያው ግን ያወቀው ሰብሉ ከጠፋ በኋላ ነው። መንግሥት በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ውሉን ሲያፈርስ ከ100 ሺው ሔክታር የለማው 1,200 ያህል ብቻ እንደነበር ተገለጸ። በዚያው ዓመት በተደረገው የመንግሥት ጥናትም በክልሉ ለባለሀብቶች ከተሰጠው ከ6 መቶ ሺህ ሔክታር በላይ መሬት የለማው ጥቂቱ መሆኑ ታወቀ።

የጎደሬው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ2002 ዓ.ም. ቨርዳንታ ሃርቨስትስ ለተባለ ኩባንያ በመዠንግር ዞን 3,012 ሔክታር ለሻይ ተክል ለ50 ዓመት ተሰጠ፤ ኪራዩ ለሔክታር በዓመት 111 ብር ነበር። የመዠንግር ሰው በዚያ ደን ቀፎ እየሰቀለ ማር የሚቆርጥ፣ በጥላው ሥር ቡና የሚለቅም ነው። ሽማግሌዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። በጊዜው ርእሰ ብሔር የነበሩት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ጉዳዩ እንዲቆም ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጻፉ። ባለሥልጣኑም ለግብርና ሚኒስቴር ስጋቱን አሳወቀ። ኪራዩ ግን ጸና። ልብ በሉ፤ ርእሰ ብሔሩና የአካባቢ መሥሪያ ቤቱ በአንድ ወገን ቆመው፣ የመሬቱ መዝገብ በሌላ ወገን አሸነፈ።

አሁን ቀኑን እናነጻጽር። ይህ ሁሉ ውል ከተፈረመ ብዙም ሳይቆይ፣ በኅዳር 2004 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ደርባን ከተማ በተደረገው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ፣ ኢትዮጵያ በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መሪነት ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ይፋ አደረገች። በእቅዱ መሠረት የአገሪቱ ጭስ በቀድሞው መንገድ ቢቀጥል በፈረንጆች 2030 ላይ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርስ የነበረው ከ150 ሚሊዮን እንዳይበልጥ ይደረጋል። ለዚህም ዋና ምሰሶ የሆነው ደን መጠበቅና ማልማት፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማዳረስና የውሃ ኃይል ነው። ስትራቴጂው በአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነበርና ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ደን ይዳን ተብሎ ሲጻፍ በሌላው ጠረጴዛ ላይ ደን ለምንጣሮ ይፈረም እንደነበረ ታሪክ ይመሰክራል።

መዝገቡ በትክክል የተያዘበት ቦታ

ሁሉም ታሪክ ግን የጥፋት አይደለም። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሔክታር የተራቆተ ተራራ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎቹ ወርልድ ቪዥን ከተባለው ድርጅት ጋር ሆነው በሰባት ማኅበር ተደራጁና ተራራውን ከከብትና ከምሳር ከለከሉት። ችግኝም ተክለዋል፤ ዋናው ዘዴ ግን በመሬት ውስጥ ያልሞተው የዛፍ ጉቶ ሲያቆጠቁጥ ጠንካራውን ቀንበጥ መርጦ ማሳደግ ነው። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን መዝገብ ገባ። በ30 ዓመት 880 ሺህ ቶን ጋዝ ከአየር ይለቅማል ተብሎ ተገመተ፤ ከዚህም ውስጥ የዓለም ባንክ ፈንድ 165 ሺህ ቶኑን ለመግዛት ተዋዋለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ የመጠቀሙ መብት የማኅበሩ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ ገንዘቡ የገባው ወደ ማኅበር ነው። ሁለተኛ፣ የተሰጠው የካርቦን ምስክር ወረቀት ጊዜያዊ ነው፤ ምክንያቱም ደን ሊቃጠል ይችላልና በየጊዜው እየተለካ መታደስ አለበት። የካርቦን ሽያጭ ማለት ዛፉን ቆርጦ መሸጥ አይደለም፣ መሬቱንም ለፈረንጅ መስጠት አይደለም። «ዛፉ ቆሞ ይኖራል» ብሎ ቃል መግባትና የቃሉን ዋጋ መቀበል ነው። ቃል የሚገባው ደግሞ ባለቤቱ ካልሆነ ውሉ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ የኦሮሚያ ክልል በክልል ደረጃ መጣ። በ2015 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ጋር በተፈረመው ውል፣ በክልሉ ከደን የሚወጣው ጭስ መቀነሱ ከተረጋገጠ እስከ 4 ሚሊዮን ቶን ለሚደርሰው እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ስምምነት ተደረገ። ይህ ነገር በሌላም አገር ያለ ነው፤ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በመስከረም 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ በፈረንጆች 2045 ላይ ወደ አየር የሚለቀው ጋዝና ከአየር የሚለቀመው ጋዝ እኩል እንዲሆኑ ራሱን አስገድዷል። እንግዲህ ፌዴራል መንግሥት ብቻ ሳይሆን ክልልም የራሱን ሒሳብ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው።

የእኛም ክልል ባዶ እጁን አይደለም። የመዠንግር ደን በሰኔ 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰውና የሕይወተ ምኅዳር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዘገበ፤ ስፋቱም ከ2 መቶ ሺህ ሔክታር በላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ አራት ባለቤትነት አወቀ። ይህ ትልቅ በር ነው፤ ማኅበረሰቡ ባለቤት ተብሎ መጻፍ የሚችልበት ሕግ አለ።

ተከላና መጽደቅ

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ሁላችንንም ይዞን ወጥቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል። መልካም ነው። ነገር ግን አየሩ የሚያውቀው የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ነው። ችግኝ ግንዱ እስኪወፍር ድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ በጎደሬ በአንድ ቀን የሚጣለው ትልቅ ዛፍ ግን የብዙ አሥርት ዓመታት ጥሪት ነው። ስለሆነም የቆመውን ማዳን አዲስ ከመትከል ይቀድማል። ሁለቱም ይደረጉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይረሳ።

አገራችን በ2013 ዓ.ም. ባሻሻለችው ቃል ኪዳን፣ በፈረንጆች 2030 ላይ ሊደርስ ከሚችለው ጭስ 68.8 በመቶውን እቀንሳለሁ ብላለች። ከዚህ ውስጥ 14 በመቶው በራሷ አቅም፣ 54.8 በመቶው ግን የውጭ እርዳታ ሲገኝ የሚፈጸም ነው። አብዛኛው ሸክም በሌላ ኪስ ላይ የተመሠረተ እቅድ መሆኑን ማወቅ ይገባል። በእድር ቋንቋ ሲነገር፣ የሀብታሙ ጎረቤት መዋጮ ገና አልተሰበሰበም።

ጉዳቱ ግን መዋጮው እስኪሰበሰብ አይጠብቅም። በ2006 ዓ.ም. ክረምት የሌይችዎር የስደተኞች ሰፈር በጎርፍ ተበልቶ ነዋሪዎቹ በኋላ ወደ ጀዊ ተዛወሩ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ሞልተው በክልሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። የባሮ ውሃ የሚመጣው ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ ነው። በደጋው ደን ሲሳሳ ዝናቡ መሬት ውስጥ መስረጉን ትቶ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ የውሃ እጥረት ይሆናል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው በእኛ ላይ እንዳይደርስ ያሰጋል። ስለዚህ የኦሮሚያ ደን ሒሳብ የኦሮሚያ ብቻ አይደለም፤ የታችኛው ተፋሰስ ሕዝብም ጉዳዩ ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

አንዳንድ አባል «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ እድርን ምን አገባው?» ሊል ይችላል። እድር በሰው ሞት ጊዜ ለንፍሮውና ለወጡ ስንት ሸክም እንጨት እንደሚያነድ፣ ለሬሳ ሣጥን ስንት ጣውላ እንደሚገዛ ዕቃ ግምጃ ቤታችን ያውቀዋል። የሚከተሉት ሐሳቦች ለጠቅላላ ጉባኤው ቢቀርቡ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ለለቅሶ ቤት ማብሰያ በሦስት ጉልቻ ፋንታ ለትልቅ ድስት የሚሆን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ከእድሩ ገንዘብ ቢሠራ፣ ወጪውን በማገዶ ቁጠባ ይመልሳል።

ሁለተኛ፣ በቀብር ቦታዎቻችን ዙሪያ የአገር ዛፍ ይተከል፤ የተከልነውን ብቻ ሳይሆን በዓመቱ የጸደቀውን የሚቆጥር አንድ ሰው ይመደብ፤ ቁጥሩም በዚሁ ዓመታዊ መጽሔት ይውጣ።

ሦስተኛ፣ በቀበሌም ሆነ በክልል ስለ ካርቦን ውል ስብሰባ ሲጠራ ባዶ እጃችንን አንሂድ። ደኑ በማን ስም ተጻፈ? ከሚከፈለው ለማኅበረሰቡ ስንት ይደርሳል? ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ቢቃጠል ተጠያቂው ማነው? ይኸው መሬት በሌላ መሥሪያ ቤት ለሌላ ሰው አልተሰጠም ወይ? ብለን እንጠይቅ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ የጎደሬ ሽማግሌዎች አዲስ አበባ ድረስ የሄዱበት ጥያቄ እሱ ነውና።

32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በፈረንጆች 2027 በአዲስ አበባ እንዲደረግ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ተወስኗል። በዚያ ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ደን ብዙ ይነገራል፣ ብዙ ውልም ይፈረም ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ደን መጠበቅ ለአንድ ቢሮ ወይም ለአንድ መንደር ቢተው ሸክም ነው፤ ሁሉም በስሙ ሲጻፍበትና ድርሻውን ሲያውቅ ግን ጥሪት ይሆናል። በእድር መዝገብ ስሙ ያልሰፈረ ሰው ቢያዋጣም በክፉ ቀን የሚደርስለት እንደሌለ አባላቱ ጠንቅቀው ያውቃሉ። በደኑም መዝገብ ስማችን መስፈሩን አይተን እንፈርም።